ሳይኮሎጂ ለደረሳችሁ፣ ወዳችሁም ለመረጣችሁ

ይድረስ ዘንድሮ ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ለገባችሁ ልጆች።

ከመካከላችሁ ከልጅነቱ ተመኝቶት የገባ አለ። ሕግ ወይም አካውንቲንግ መርጦ ነጥቡ አልደርስ ብሎት እዚህ የተመደበም አለ። የምነግራችሁ ለሁለታችሁም ስለሚሆን አልለያችሁም። እንዲያውም ተመድበው የሚገቡት አንዳንዴ ይሻላሉ። ስለ ትምህርቱ ያለሙት ነገር ስለሌለ ቶሎ ቅር የሚላቸውም ነገር የለም።

እኔ በዚህ ሙያ አርጅቻለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ካውንስለር ሆኜ ጀመርኩ፣ ከዚያ ኤንጂኦ ገባሁ፣ መጨረሻ ላይ ሳስተምር ቆየሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው መልሴን ሲሰማ የሚለኝ አይለወጥም፦ «አሁን እኔን እያነበቡኝ ነው ማለት ነው?» አይ፣ አላነብህም። ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ መጠይቅ ስሞላ ባልኖርኩ ነበር።

የፍሬሽማኑን ጄኔራል ሳይኮሎጂ ሁላችሁም ወስዳችኋል። ደስ የሚል ኮርስ ነው። የፓቭሎቭ ውሻ አለ፣ ፍሮይድ አለ፣ የማዝሎው የፍላጎት ደረጃ አለ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ጭንቀት ይመጣል። ብዙዎቻችሁ ሳይኮሎጂን የወደዳችሁት እዚያ ነው። ግን እዚያ ኮርስ ውስጥ ቁጥር የለም። ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ ስታትስቲክስ ይመጣል፣ ያኔ ፊት ይቀየራል። «ሒሳብ ሸሽቼ ሶሻል ገባሁ፣ እዚህም ተከተለኝ» የሚል ተማሪ በየዓመቱ ቢሮዬ ይመጣ ነበር።

ዋናው የምላችሁ ነገር ይኸው ነው። የዚህ ዲግሪ እምብርቱ ያ የምትሸሹት ነው፤ ስታትስቲክስ፣ ሪሰርች ሜተድስ፣ ሳይኮሎጂካል ቴስቲንግ። ስለ ፍሮይድ ማንም ሰው ዩቲዩብ ላይ ሊያዳምጥ ይችላል። ስለ ሰው የሚወራ ነገር እውነት ይሁን አይሁን እንዴት እንደሚጣራ ግን ቁጭ ብለው ካልተማሩት አይመጣም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ካውንስለር ሳለሁ ቢሮዬ የሚመጡትን ተማሪዎች መዝገብ ላይ አሰፍር ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን አገላብጠው «እንግዲህ ችግር ያለባቸው ሴቶቹ ናቸው» አሉ። የመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩና። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቆጠራቸውም ልክ ነው። ነገር ግን መዝገቡ የያዘው የመጡትን እንጂ የተቸገሩትን አይደለም። የቢሮዬ በር የሚከፈተው ወደ ኳስ ሜዳው ነበር። ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ቆመው እያዩት ካውንስለር ቢሮ የሚገባ ጎረምሳ የት አለ? ቢሮውን ላይብረሪው አጠገብ ወዳለው ክፍል አዛወርነው። ወንዶቹም ቀስ በቀስ መምጣት ጀመሩ።

በሩ ነው ለውጡን ያመጣው ብዬ ግን አልምልም። በዚያው ሰሞን አንዳንድ መምህራን ተማሪ ወደ እኔ መላክ ጀምረው ነበር። ምናልባት እነሱ ናቸው፣ ምናልባት ሁለቱም። ይህን «ምናልባት» መናገር መቻል ነው የተማረ ሰው የሚያሰኘው። ሁለቱን ለመለየት ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሪሰርች ሜተድስ የሚያስተምራችሁ ይህን ነው። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኑ ማወቅ ትንሹ ነገር ነው።

ተለቅ ያለ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ቡታጅራን እዩ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለማግኘት በተጀመረው ጥናት ከ60 ሺህ በላይ አዋቂዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። እስቲ አስቡት። የማታውቁት ልጅ ወረቀት ይዞ ደጃችሁ ቆሞ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ ቢጠይቃችሁ ሁሉን ትነግሩታላችሁ? እህቱን ለመዳር የሚያስብ ወንድም፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የምትጠነቀቅ እናት ምን ይመልሳሉ? አጥኚዎቹ በቤት ለቤቱ ብቻ አልተወሰኑም። አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎችንም እየጠየቁ አጣርተዋል። እንዲህ ያለውን ዘዴ ለማሰብ ስታትስቲክስም ያስፈልጋል፣ አገሬውን ማወቅም ያስፈልጋል። እናንተ ሁለተኛው አላችሁ። የመጀመሪያውን ነው ተማሩ የምላችሁ።

አስተማሪ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ባለ ቁጥር በልባችሁ «የት? በእነማን ላይ?» በሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ግምገማ ስመ ጥር የሆኑ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ጆርናሎችን አገላብጦ፣ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶዎቹ ከምዕራባውያን የበለጸጉ አገሮች መሆናቸውን አሳይቷል። እኛ የለንበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ተሰባስበው 100 የታተሙ ጥናቶችን እንደ አዲስ ሠሯቸው። የመጀመሪያው ውጤት በግልጽ የተደገመው ከ40 በመቶ ባነሱት ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሰምታችሁ «ታዲያ የፈረንጅ ተረት ነዋ!» ብላችሁ እንዳትወረውሩት። ይህን ጉድ ያወጡት ራሳቸው ሳይኮሎጂስቶች ናቸው፤ ያወጡትም በዚያው በምትፈሩት ስታትስቲክስ ነው። ደግሞ ሁሉም ነገር ከአሜሪካ ክፍል ውስጥ አልወጣም። ስለ እናትና ልጅ ቁርኝት ስትማሩ ሜሪ ኤንስወርዝ የምትባል ሴት ትመጣለች። ሃንድአውት ላይ የሚጻፈው አሜሪካ ባልቲሞር ያደረገችው ሙከራ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ከኬንያ ማዶ ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች የ26 ቤተሰቦችን ቤት እየተመላለሰች እናቶችንና ሕፃናትን ስታይ ከርማለች። የዚያ ሀሳብ ሥሩ እዚያ አለ። አስተማሪያችሁ ካልነገራችሁ እናንተ አንሱት።

ስለ አጠናን ደግሞ በአጭሩ። ሳይኮሎጂ እየተማረ የሚሸመድድ ተማሪ ሁሌም ይገርመኛል። ስለ ማስታወስ የተጻፈውን ለፈተና አንብቦ፣ በራሱ ላይ ሳይሞክረው ያልፋል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን እያጠና፣ የያዝነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንዴት በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች ደግሞ ደጋግሞ ከሚያነብ ይልቅ ወረቀቱን ዘግቶ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደሚያስታውስ ያሳያሉ። ስለዚህ ሃንድአውቱን ዝጉትና የምታስታውሱትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያማል፣ ግን ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቅ በፊት የሚሰጥ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ፤ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። የዓመታቱን ኮርስ በመጨረሻው ወር ዶርም ውስጥ በቡና መቸከል ለማንም አልበጀም።

አብኖርማል ሳይኮሎጂ የምትወስዱ ጊዜ ደግሞ በየምዕራፉ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ሰኞ ድባቴ ይይዛችኋል፣ ሐሙስ ኦሲዲ፣ ያ አንድን ሐሳብና ድርጊት እየደጋገመ የሚያስጨንቀው ሕመም። ሁሉም ተማሪ ይህን ያልፍበታል፣ አትደንግጡ። ከራሳችሁ ስትጨርሱ ግን ወደ ዶርም ጓደኞቻችሁ፣ ከዚያም ወደ ድሮ ፍቅረኛችሁ እንዳትሄዱ። ቲክቶክ ላይ እንደማየው ከሆነ የዚህች አገር የቀድሞ ፍቅረኛ ሁሉ ናርሲሲስት ነው። እናንተ ከዚያ መንጋ አትቀላቀሉ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በመጀመሪያ ዲግሪ ሰው አታክሙም። ይህን ግቢ ውስጥ ጥርት አድርጎ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ሰፈራችሁ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። ገና ሁለተኛ ዓመት ሳላችሁ የእናታችሁ ጓደኛ ትመጣለች፦ «ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ውሎ ማደር ጀምሯል፣ እስቲ አንቺ አናግሪልኝ፣ ተምረሽው የለ?» አናግሪው፣ ምንም ክፋት የለውም። ማዳመጥ ዲግሪ አይጠይቅም። ግን የበሽታ ስም አትስጪው፣ መድኃኒት ጀምር ወይም አቁም አትበይው። ሳይካትሪስት ማለት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት የማዘዝ ነገር የእሱ ነው። በንግግር ማከም የሚፈልግ ሰው ደግሞ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም ካውንስሊንግ ማስተርስ መማር፣ ልምድ ባለው ሰው ሥር ሆኖም መለማመድ አለበት።

ከዚህ ይልቅ የት እንደሚላክ እወቁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታልን ሁሉም ያውቀዋል፤ ረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። በከተማችሁ የትኛው እንዳለው፣ በየትኛው ቀን እንደሚያይ፣ ካርድ ስንት እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁና ማስታወሻ ያዙ። ይህች ወረቀት ከብዙ ሃንድአውት ትበልጣለች። አንድ ሰው ራሱን ለማጥፋት እንደሚያስብ ከነገራችሁ ደግሞ ምስጢር ነው ብላችሁ ብቻችሁን አትያዙት። ብቻውን አትተዉት፣ የሚያምነውን የቤተሰብ ሰው ጥሩ፣ አብራችሁት ጤና ተቋም ሂዱ።

ጸበልን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ከእነሱ ጋር አትከራከሩ። ክርክሩን ብታሸንፉ እንኳ ቤተሰቡን ታጣላችሁ፣ ከሱ ጋር በሽተኛውን። «ጸበሉን ጠጡ፣ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም እንዳታቋርጡ» ማለት ይበቃል። ይህን ከእናንተ ጋር አብረው የሚናገሩ ቄስም ሼህም አታጡም፤ ፈልጓቸው።

ወደ ሥራው ልምጣ፣ እናንተ ጨላ የምትሉትንም ጨምሬ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሳይኮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ብዙ አታዩም። የምታዩት «በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም ተዛማጅ መስክ» የሚል ነው። ከሌሎች ዲፓርትመንቶች ጋር ትሻማላችሁ ማለት ነው። ተፈናቃዮችና ስደተኞች ባሉበት የሚሠሩ ኤንጂኦዎች የሥነ ልቦና ድጋፍና የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ ደመወዙ ደህና ነው፣ ኮንትራቱ ግን አጭር፣ ቦታውም ሩቅ ነው። ትምህርት ቤት ይቀጥራል፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የምትማሩት ግን ብዙ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ የገቡ ተማሪዎቼ ከሁሉም የተሻለ ይከፈላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ሰልችቷቸዋል።

እኔ የምመክራችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ ሥራ ፍለጋ እንድትጀምሩ ነው። መጠይቅ የሚያስሞሉ ጥናቶች ዳታ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፤ ሂዱና አስሞሉ። ክፍል ውስጥ ግልጽ የነበረ ጥያቄ ደጃፍ ላይ ሲነበብ ምን እንደሚሆን ታያላችሁ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተስፋ ቆርጠው ነበር?» ስትሏቸው ስለ ራስ ምታታቸው የሚነግሯችሁ እናት አሉ። እሳቸው አልሳቱም። መጠይቁ ነው ያልደረሰባቸው።

በጎ ፈቃደኛ መሆን የምትችሉባቸው ቦታዎችም አሉ። የኦቲዝም ማዕከላትን ብቻ ብናይ፣ በአገራችን ፈር ቀዳጅ የሆነውን ጆይ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሙያቸው የውበት ሥራ ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም ስለነበረበት፣ የሚሄድበትም ስላልነበረ ነው የጀመሩት። የእኛ ዲፓርትመንቶች ተማሪ ሲያስመርቁ ስንት ዓመት ኖረው ያን በር የከፈተችው እናት መሆኗ ዛሬም ያስቆጨኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ሄዳችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ዋሉ። ከልጆቹ ጋር መዋል ካደከማችሁም ይህን አሁን ማወቃችሁ ትርፍ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ልጆችም አትጠፉም። አሜሪካም ቢሆን ባችለሩ ለብቻው አያሳክምም፤ ካውንስለር ለመሆን ማስተርስ፣ ሳይኮሎጂስት ለመባል አብዛኛውን ጊዜ ዶክትሬት ይጠይቃል። ዕዳውን አስልታችሁ ግቡ። ግን አማርኛችሁን አትጣሉት። ዋሽንግተን አካባቢም እስራኤልም፣ ልቧን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ መናገር የማትችል እናት በአስተርጓሚ፣ አንዳንዴም በገዛ ልጇ በኩል፣ ለሐኪም ስታወራ መኖሯን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የመጨረሻው ሲኒየር ኤሴያችሁ፣ የመመረቂያ ጥናታችሁ ነው። እባካችሁ «ሶሻል ሚዲያ በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል አታምጡ። ስንቱን አርሜ ደከመኝ! ሁሉም ከአንድ ፍላሽ የተገለበጠ ይመስላል። ትንሽ ነገር ምረጡ፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ የምታዩት። የግቢያችሁን የካውንስሊንግ ቢሮ እነማን ይጠቀሙበታል፣ የማይሄዱትስ ለምን? አዲስ ገቢ ተማሪ ሲከፋው መጀመሪያ ለማን ይደውላል? ርዕሱን ለአድቫይዘራችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ጥያቄዎቻችሁን ጻፉና ሳይኮሎጂ ለማያውቁ ሰዎች አንብቡላቸው፤ ለጥበቃው፣ ለካፌዋ ሠራተኛ፣ ለኢንጂነሪንግ ተማሪው። ጥያቄውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሯችሁ። እናንተ ካሰባችሁት የተለየ ነገር ከነገሯችሁ አድቫይዘር ጋ ገና አትሂዱ፣ ጥያቄውን እንደ አዲስ ጻፉት።