ዑደቷ ከ27 እስከ 35 ቀን እየተለዋወጠባት «በተፈጥሮ መንገድ ምን ላድርግ?» ላለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜሽ 31 ነው፣ ለማርገዝ መሞከር ከጀመራችሁ 8 ወር ሆኗችኋል፣ የወር አበባሽ አንዳንዴ በ27 አንዳንዴ በ35 ቀን ይመጣል። የስልክሽ አፕ «እንቁላል የሚወጣው በ14ኛው ቀን ነው» ስለሚልሽ በ12፣ በ13 እና በ14ኛው ቀን ትገናኛላችሁ። መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት በተፈጥሮ መንገድ መሞከር ትፈልጊያለሽ፤ ሰዎች ደግሞ ቪቴክስ የሚባል ዕፅ፣ የጉሎ ዘይትና እንደ ተልባና ሰሊጥ ያለ ፍሬ እያፈራረቁ መብላት ነግረውሻል።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔን የያዘው 14 የሚለው ቁጥር ነው። ከቅጠሉም ከዘይቱም በፊት እሱን እናስተካክል።

የወር አበባ ዑደት ሁለት ክፍል አለው። እንቁላሉ እስኪወጣ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ጭንቀት፣ ሕመም፣ የክብደት መለዋወጥ ይነካዋል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ እስከሚቀጥለው ወር አበባ ያለው ክፍል ግን በአንዲት ሴት ላይ ብዙም አይለዋወጥም፤ በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ቀን ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከኋላ ነው የሚጀመረው። ከ27 ላይ 14 ሲቀነስ 13ኛው ቀን፣ ከ35 ላይ 14 ሲቀነስ 21ኛው ቀን ይሆናል። የወንድ ዘር ጥሩ ፈሳሽ ካገኘ እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ። እንግዲህ በአጭሩ ወር የማርገዣ ቀናትሽ ከ8ኛው እስከ 13ኛው ገደማ፣ በረጅሙ ወር ከ16ኛው እስከ 21ኛው ገደማ ናቸው። በረጅሙ ወር 14ኛው ቀን ላይ ካቆማችሁ በሩ ሳይከፈት አንኳኩታችሁ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ከ8ቱ ወራት ውስጥ ሙከራ የሚባለው ስንቱ እንደሆነ በዚህ ሒሳብ መልሰሽ ቁጠሪው።

ምንም መለካት ካልፈለግሽ ቀላሉ መፍትሔ ይኸው፦ ደም ከቆመበት ቀን ጀምሮ ቀን እየዘለላችሁ ተገናኙ፣ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ያየሽ ቀን ደግሞ በየቀኑ። «ዘሩ እንዲጠራቀም» ብሎ ሳምንት መታቀብ አይጠቅምም፤ ለረጅም ጊዜ የተጠራቀመ ዘር እንቅስቃሴው ይዳከማል። ከግንኙነት በኋላ እግር ግድግዳ ላይ መስቀልም የሚጨምረው ነገር የለም። ደስ ካለሽ ተኚ፣ ካላለሽ ተነሺ።

መለካት ከፈለግሽ ግን ከሁሉ የምመርጠው ዋጋ የማይጠይቀውን የማህጸን በር ፈሳሽ ነው። ሽንት ቤት ስትገቢ፣ ከመሽናትሽ በፊት በንጹሕ ሶፍት ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። ሶፍቱ ደርቆ ይንቀጫቀጫል ወይስ ያንሸራትታል? የተገኘውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ መሀል ያዢና ጣቶችሽን ቀስ ብለሽ አራርቂ። ከወር አበባ በኋላ ባሉት ቀናት ምንም ላይኖር ይችላል፤ ከዚያ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ ቀጥሎ እንደ ሎሽን ነጣ ያለ፣ በመጨረሻ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ግልጽ ሆኖ ሳይበጠስ የሚሳብ ይመጣል። ያ የመጨረሻው ነው የምትፈልጊው። እሱ የታየበት የመጨረሻ ቀን እንቁላሉ ከሚወጣበት ቀን ጋር በጣም ይቀራረባል፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ፈሳሹ በድንገት ይወፍራል ወይም ይጠፋል። ሰው የሚሳሳተው ግንኙነት ባደረገ ማግስት ሲያይ ነው፦ የወጣው የወንድ ዘር ይሆንና «አገኘሁ» ይባላል። ስለዚህ ከግንኙነት በኋላ ያሉትን ሰዓታት ዝለያቸው። የሚሸት፣ የሚያሳክክ ወይም አረንጓዴ የሆነ ፈሳሽ ደግሞ የኢንፌክሽን ምልክት ስለሆነ ወደ ምርመራ ነው።

የሽንት ስትሪፕ (እንቁላል ሊወጣ ሲል የሚጨምረው የኤልኤች ሆርሞን መለኪያ) ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ከአጭሩ ዑደትሽ ላይ 17 ቀንሺ፤ 27 ሲቀነስ 17፣ በ10ኛው ቀን ጀምሪ ማለት ነው። ከመለካትሽ በፊት ለ2 ሰዓት ያህል ብዙ አትጠጪ፤ ሽንቱ ከቀጠነ መስመሩ ይደበዝዛል። ውጤቱን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢ፤ ረስተሽው ከሰዓታት በኋላ ያየሽው አይቆጠርም። ብዙዎችን የሚያደናግረው ይህ ነው፦ በእርግዝና ምርመራ ላይ ደብዛዛ መስመርም «አዎ» ነው፣ በዚህኛው ላይ ግን ደብዛዛ መስመር «ገና» ማለት ነው። የምርመራው መስመር ከማመሳከሪያው እኩል ወይም የበለጠ ሲደምቅ ብቻ ነው ሆርሞኑ ወጣ የሚባለው፤ እንቁላሉ ከዚያ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠበቃል። ያን ቀንና ማግስቱን አትለፉ። ለብዙ ቀናት በተከታታይ፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ደጋግሞ «አዎ» ካለሽ ፒሲኦኤስ (ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላል በወቅቱ የማይወጣበት ችግር) ሊሆን ስለሚችል በስትሪፕ ብቻ አትመሪ።

የጠዋት የሰውነት ሙቀት ሌላ ሥራ ነው ያለው። ቀኑን አስቀድሞ አይነግርሽም፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ «አዎ፣ ወጥቷል» ብሎ ያረጋግጥልሻል። ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ትራስሽ ሥር አድርጊና ዓይንሽን እንደገለጥሽ፣ ሳትነሺ፣ ሳታወሪ፣ ውኃ ሳትጠጪ ለኪ። ቢያንስ 3 ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ይፈልጋል። ምሳሌ ልስጥሽ፦ ስድስት ጠዋት 36.35፣ 36.40፣ 36.30፣ 36.42፣ 36.38፣ 36.33 ለካሽ እንበል። ከዚያ 36.60፣ 36.64፣ 36.68 መጣ። ሦስቱም ከስድስቱ ትልቅ ቁጥር (36.42) በላይ ናቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ0.2 በላይ ጨምሯል። እንቁላሉ ወጥቷል። ትኩሳት የነበረበት፣ አልኮል የተጠጣበት ወይም እንቅልፍ ያጣሽበት ጠዋት ከቆጠራው ይውጣ። ሙቀቱ ከፍ እንዳለ 18 ቀን ካለፈው የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። በተቃራኒው ከፍ ካለ በኋላ ወር አበባሽ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ እየመጣ ከሆነ፣ ወይም ከናካቴው የማይጨምር ከሆነ፣ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እንቁላል መውጣቱን ለማየት የሚታዘዘው የፕሮጄስትሮን ደም ምርመራ ብዙ ጊዜ «የ21ኛው ቀን» እየተባለ ነው የሚጠራው። እሱ ለ28 ቀን ዑደት ነው። ያንቺ 35 ቀን ሲሆን በ21 ላይ ብትሰጪ ዝቅ ብሎ ይወጣና «እንቁላል አይወጣልሽም» ትባያለሽ። መሰጠት ያለበት ወር አበባ ከሚጠበቅበት 7 ቀን ቀደም ብሎ፣ ማለትም በዚያ ወር 28ኛው ቀን ገደማ ነው። ሙቀት ከለካሽ ደግሞ ከፍ ካለ ከሳምንት በኋላ ሂጂ፣ ግምት አያስፈልግሽም።

ወደ ሰውነት እንምጣ። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ዛሬውኑ ጀምሪ፣ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው ቀጥይ። «ከቅጠላ ቅጠል አገኘዋለሁ» የሚለውን አልቀበልም፤ ምክንያቱም የሕፃኑ የአከርካሪ ቱቦ ከጽንሱ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፣ ያኔ ብዙዋ ሴት እርጉዝ መሆኗን ገና አላወቀችም። ከዚህ በፊት የዚህ ቱቦ ችግር ያለበት ጽንስ የነበራት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ስኳር ያለባት ሴት መጠኗ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ሐኪም ይወስንላት። ቫይታሚን ኤ በሬቲኖል መልክ በብዛት ያለበትን ኪኒን ግን ተዪው፣ ጽንስ ይጎዳል።

ክብደት የሚነካው የእንቁላል መውጣትን ነው፣ በሁለቱም በኩል። በጣም መቅጠንና ሰውነትን በስፖርት መጨረስ ዑደቱን ያጠፋዋል። ክብደት ለበዛባት፣ በተለይ ፒሲኦኤስ ላለባት፣ ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ እንቁላሉን ሊመልሰው ይችላል፤ 80 ኪሎ የሆነች ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። በረሃብ ሳይሆን የተፈተገ ዱቄትና ስኳር ቀንሶ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣና አትክልት በመጨመር፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በመራመድ። ሲጋራ ማረጥን ያፋጥናል፤ አጫሾች ከሌሎች ቀድመው ነው የሚያርጡት። ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም በታች ይሁን። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚይዙት አንድ ሰዓት አዘግዪያቸው።

ስለ ማሕጸን ሕመም ያነሳሽው አለ። ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በዑደቱ መሀል ስትወስጂ የእንቁላሉ ከረጢት እንዳይፈነዳ ሊያደርግ ይችላል። በወር አበባ ቀናት ችግር የለውም፤ እንቁላሉ በሚጠበቅበት ሳምንት ግን በፓራሲታሞል ተኪው። ማለስለሻም እንዲሁ፦ ምራቅ፣ የወይራ ዘይትና ተራ ጄል የዘሩን እንቅስቃሴ ሊገቱ ይችላሉ። ካስፈለገ ለመውለድ ለሚሞክሩ ተብሎ የተሠራውን ፈልጊ። ውስጡን በውኃም በምንም አትታጠቢ፤ ለማህጸንና ለቱቦ (እንቁላሉ ወደ ማህጸን ለሚያልፍበት) ኢንፌክሽን ያጋልጣል። እንፋሎት መታጠንም ቃጠሎ ካልሆነ በቀር የሚያመጣው የለም።

አሁን ወደ ነገሩሽ ነገሮች። ተልባና የዱባ ፍሬ በመጀመሪያው ግማሽ፣ ሰሊጥና ሱፍ በሁለተኛው ግማሽ መብላት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሆርሞን በግማሽ ወር እየለየ ያስተካክላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ከወደድሽ ብዪ፣ ቀን ሳትቆጥሪ። የጉሎ ዘይት ሆድ ላይ ማሰር የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም፤ ጠባሳ በቆዳ በኩል በሚገባ ዘይት አይላቀቅም። ቪቴክስ ላይ ጠንከር እላለሁ፦ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ስለሚነካ ተራ ሻይ አይደለም። የሆርሞን መድኃኒት ወይም የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ከምትወስድ ሴት ጋር አይሄድም፤ እርግዝና ከተጠረጠረም ይቆማል። ፕሮላክቲንሽን ሳትለኪ እሱን መጀመር ምርመራውን ማደብዘዝ ነው። ኢኖሲቶል የሚባለው ማሟያ ፒሲኦኤስ ላለባት በቀን 4 ግራም፣ ጠዋት 2 ማታ 2 ተከፍሎ ይወሰዳል፤ ዑደት ሊያስተካክል ይችላል፣ ለሌላዋ ግን ምክንያት አላይም። ስሙ ያልተጻፈበት «የማህጸን ማጽጃ» ዱቄት በጭራሽ። ክሎሚፊንን (እንቁላል የሚያስወጣውን መድኃኒት) ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥም እንደዚያው።

ስለ ባለቤትሽ አንድም ቃል አልጻፍሽም። የዘር ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ምርመራ ነው፣ አንቺ ወራት ከምትለኪ በፊት እሱ ይስጥ። ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ፣ ሙሉው ፈሳሽ ሳይፈስ ተሰብስቦ፣ በሰውነት ሙቀት ተይዞ በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ማመሳከሪያ መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ ብዛቱ በ1 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው 42 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለው 4 በመቶ ነው። አራት በመቶ ሲያዩ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው፣ ያ የተለመደው ነው። አንድ ውጤት መጥፎ ቢሆን ይደገማል። ዘር ለመሠራት ከ2 ወር በላይ ስለሚፈጅ ሲጋራ ማቆሙ፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ አለማድረጉ፣ ሙቅ ገንዳ መተዉ ውጤቱ የሚታየው ከ3 ወር በኋላ ነው። ለጡንቻ ብሎ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ እሱ ዘር መሥራቱን ያቆመዋል።

ተፈጥሮ የማይደርስበትን ደግሞ እንለይ። የተዘጋ ቱቦ፣ ከበድ ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህጸን ሽፋን መሰል ሥጋ ከማህጸን ውጭ ማደግ)፣ የታይሮይድ ችግር፣ ያለ ምልክት ቱቦ የሚያበላሸው ክላሚዲያ የሚባል የአባላዘር በሽታ፣ በምግብና በቅጠል አይመለሱም። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች 12 ወር፣ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነች 6 ወር ነው የሚጠበቀው። ወር አበባዋ ለ3 ወር የጠፋባት፣ ከአልጋ የሚጥል ሕመም ያላት፣ የማህጸን ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የነበራት ምንም አትጠብቅ። አንቺ 8 ወር ላይ ነሽ፣ የ8 ቀን ልዩነትሽ ደግሞ ድንበሩ ላይ ያለ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን በትክክል እየያዛችሁ የሚቀጥሉትን 3 ወይም 4 ወራት ሞክሩ፣ ጎን ለጎን የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ አሁን ብትሰጪ አይከፋም። የኩፍኝ መሰል ሽፍታ (ሩቤላ) መከላከያ እንዳለሽም ያኔውኑ ይታይልሽ፤ ክትባት ካስፈለገ ከክትባቱ በኋላ ለ1 ወር እርግዝና ይቆያል።

ወር አበባ ዘግይቶ በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ደም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፤ ከማህጸን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ የ3 ወር መዝገብሽን፣ የስትሪፖቹን ፎቶ ቀኑ ተጽፎበት፣ የባለቤትሽን ውጤትና የምትወስጂውን ኪኒንና ቅጠል ሁሉ ዝርዝር ያዢ። ለፀጉርና ለጥፍር ብለሽ ባዮቲን የምትወስጂ ከሆነ ከደም ምርመራው ቢያንስ 2 ቀን ቀድመሽ አቁሚው፤ የታይሮይዱን ውጤት ያዛባና ያልታመምሽውን ታማለች ያስብላል።