«የስፌት መኪና» ወይስ «የስፌት ማሽን»?

ከእስራኤሏ ሐይፋ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «የስፌት መኪናዬ ተበላሸች ብል የልጅ ልጄ ሳቀብኝ። መኪና የሚነዳው ነው፣ ያንቺ ማሽን ነው አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ መኪና ‹ቦታ› ከሚለው ከግእዙ ‹መካን› የወጣ ነው፣ ለሚነዳው መኪና የሚባለው የዕብራይስጡ ‹መኾኒት›ም ዘመዱ ነው ይላሉ። ልክ ማን ነው?»

ልክ እርስዎ ነዎት። ይህን ጥያቄ በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። «የስፌት መኪና» የሚሉ ሰዎች እንደ ተሳሳቱ ተቆጥረው ሲታረሙ በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

«መኪና» ከጣሊያንኛው «ማኪና» የተወሰደ ነው። በጣሊያንኛ ቃሉ መጀመሪያ ማንኛውም በሰው ብልሃት የሚሠራ መሣሪያ ነበር። አውቶሞቢል ኋላ የደረሰ ትርጉም ነው። ጣሊያኖች ዛሬም መስፊያውን «ማኪና ዳ ኩቺሬ»፣ መጻፊያውን «ማኪና ዳ ስክሪቬሬ» ይላሉ። የእኛ «የስፌት መኪና» እና «የጽሕፈት መኪና» ከእነዚህ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማሉ። ስለዚህ የሚነዳው መኪና እንጂ የሚሰፋው አይደለም እንግዳው።

ወደ ኋላ ብንሄድ ላቲኑም «ማኪና» ነው። ከዚያ በፊት በግሪክኛ የዶሪያውያን አነጋገር «ማካና» ነበር። የእንግሊዝኛው «ማሽን» ከዚሁ ላቲን በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የመጣ ነው። «መካኒክ»ም ከዚያው ቤት ነው። እንግዲህ የልጅ ልጅዎ ያረመዎት በራስዎ ቃል ነው፤ ቃሉ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣ እንጂ።

ከ«መኪና» በፊት ለማሽን ስም የመሆኑን ሥራ የሚሠራው ቃል «ባቡር» ነበር። እሱም «እንፋሎት» ከሚለው ከፈረንሳይኛው «ቫፐር» ወይም ከጣሊያንኛው «ቫፖሬ» በዐረብኛ አልፎ የደረሰን ነው። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ሐዲድ አልነበረውም፣ ባቡር ለመባል ግን እንፋሎቱ በቃው። በሐዲድ የሚሄደው «የምድር ባቡር» ሆነ።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። ግማሽ እውነት ይዘዋል። «መካን» ከግእዙ «ኮነ» (ሆነ) የወጣ ነው። የዕብራይስጡ «መኾና»ም ከዚያው ሥር ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 ላይ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ያሠራቸው አሥሩ የናስ መቀመጫዎች በዕብራይስጡ በዚህ ቃል ይጠራሉ። እያንዳንዱ አራት መንኰራኩር ነበረው! ዕብራይስጥ እንደገና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሆን ይህ ጥንታዊ ቃል ድምፁ ከአውሮፓው ቃል ስለተቀራረበ ለማሽን ተመረጠ። ከዚያም «መኾኒት» ለመኪና ተፈጠረ። ስለዚህ «መካን» እና «መኾና» የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የእኛ «መኪና» ግን ከዚህ ቤተሰብ የለበትም፤ ከሮም ነው የመጣው። ሁሉንም ቃል ከግእዝ ማውጣት ግእዝን ማክበር አይመስለኝም።

ሌላ ክርክርም አለ። «አንድ ቃል ለአንድ ነገር ይሁን፤ መኪና ለተሽከርካሪ፣ ማሽን ለቀረው» የሚሉ አሉ። ይህ የአማርኛን ጠባይ መርሳት ነው። «ቡና ቤት»፣ «ወፍጮ ቤት»፣ «ሽንት ቤት» ስንል የትኛው ቤት እንደሆነ የሚጠፋው ሰው አለ? ዘርፉ፣ ማለትም ከፊት የሚቀድመው ቃል፣ ትርጉሙን ይለያል። «የስፌት» ካልን በኋላ ማንም መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም።

ተሽከርካሪው ቃሉን እንዴት እንደጠቀለለው ግን ይገባኛል። ጋራዥ ግቡና ስሙ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ። ወጣ ሲሉ ጎሚስታና ላቫጆ። ሠፈሩ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። በ1928 ዓ.ም. ወራሪው መንገድ ሲሠራና የጭነት መኪና ሲያግተለትል ቃሉ መንገድ ላይ በብዛት ተሰማ። ቤት ውስጥ ያለችው መስፊያ ድምፅዋ ተዋጠ።

በነገራችን ላይ፣ «ተበላሸች» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ጣሊያንኛውም አንስታይ ነው፤ እኛ ግን «መኪናዋ» የምንለው ከዚያ ተምረን አይመስለኝም። አማርኛ የወደደውን ነገር በአንስታይ ይጠራል።

እኔ «ማሽን» አይጥመኝም። ለጆሮዬ ይደርቅብኛል። ለዚህ ማስረጃ የለኝም፤ «ማሽኖች» ብሎ ማርባትም ያስኬዳል። ደግሞም ሕዝቡ ወስኗል። «የቡና ማሽን»፣ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን» የሚለውን ማንም አይመልሰውም። «የኤቲኤም መኪና» ብል ሰው የሚያስበው ብር የጫነውን ተሽከርካሪ ነው። ይህን ሳልወድ እቀበላለሁ። ለአዲሱ ዕቃ «ማሽን» ይሁን፤ የልጅ ልጅዎም ለራሱ ዘመን ዕቃ ትክክል ነው። ለመስፊያዎ ግን «መኪና» ማለትዎን አይተዉ። እኔም በጽሑፌ ሌላ አልጽፍም።