መጀመሪያ ኔቱን አጥፍተህ ሞክረው

«የተለያዩ ድረ ገጾችን ዜና በአርኤስኤስ ሰብስቦ የሚያመጣ የኮምፒውተር አፕ እፈልጋለሁ፣ ጥሩውን በምን ልለየው?» ላልከው ወንድማችን፣ ከራሴ ልነሳ። (አርኤስኤስ ማለት ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፋቸውን ለእንዲህ ዓይነት አፖች የሚያቀርቡበት መንገድ ነው።)

ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ማታ ኔት ይኖራል፣ ጠዋት ይጠፋል። አንዳንዴ መብራቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ አፕ ስጭን ዜናውን ሁሉ አስወርድና ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ ላፕቶፔን ይዤ ጣና ዳር ወርጄ፣ ማኪያቶ አዝዤ እከፍተዋለሁ። አርእስቱ ብቻ መጥቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ ያኔውኑ አጠፋዋለሁ። ጥፋቱ ሁሌ የአፑ አይደለም፣ ብዙ ድረ ገጾች በፊዱ፣ ማለትም አፑ በሚያነበው የአርኤስኤስ ፋይል፣ የሚልኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ጎበዝ አፕ ግን ኔት እያለ ሙሉውን ጽሑፍ ከገጹ ጎትቶ ያስቀምጥልሃል። ደግሞ እዚያ ፀሐይ ላይ ነው ቀጭን ግራጫ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያናድድ የሚገባህ።

ዳታም አለ። ጨዋ አፕ ሰርቨሩን «ካለፈው ወዲህ የተቀየረ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ 304 የሚል አጭር መልስ ይመጣል፣ ዜናው እንደገና አይወርድም። ባለጌው በየአስር ደቂቃው ያንኑ ፋይል ያወርዳል። አንዱን በሞባይል ዳታ ከፍቼው ተኝቼ፣ ጠዋት ስነሳ ፓኬጄ አልቆ ጠበቀኝ።

ፊደላችንንም አትርሳ። ፎንትና የመስመር ክፍተት መቀየር ካልቻልክ አማርኛው ተጨናንቆ ዓይንህን ያደክምሃል። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጌ ነው የማነበው። ፍለጋውን ደግሞ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ብለህ ፈትነው፤ ሁለቱን አንድ ቃል መሆናቸውን ያወቀልኝ አፕ እስካሁን አልገጠመኝም።

በስፔስ ብቻ እየተጫኑ ከዜና ወደ ዜና መሄድ መቻል አለበት፣ እሱ ላይ ብዙ አልልም።

የምትከታተላቸውን ገጾች ዝርዝር በኦፒኤምኤል ፋይል ማውጣት የማያስችል አፕ ግን በነጻም ቢሰጡህ አትንካው። የጎግል የአርኤስኤስ ማንበቢያ የነበረው ጎግል ሪደር ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲዘጋ ዝርዝሩን አስቀድሞ ያወጣ ሰው ሌላ አፕ ላይ አስገብቶ ንባቡን ቀጠለ። ያላወጣው አንድ በአንድ ሲለቅም ከረመ።

ማክ ካለህ ኔትኒውስዋየር ነጻ ነው። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከሆነ አርኤስኤስ ጋርድን ሞክር። እኔም አሁን እሱ ላይ ነኝ፣ መልኩ አያምርም፣ ግን እስካሁን ጣና ዳር አላሳፈረኝም።