ጂን «ይገለጻል» ወይስ «ይገለጣል»?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኦክስጅን ሲያንስ ሴል ውስጥ የሚሆነውን ሳስረዳ «ጂኑ ይገለጣል» አልኩና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጅኒ የመጣባቸው መስሏቸው ነው። «ይገለጻል» ልበል? ደግሞስ የኦክስጅን «ማነስ» ነው «እጥረት»?

መልስ፦ ልጆቹ ምን አጠፉ? መልአክ ይገለጣል፣ ጅኒም ይገለጣል። ጣጣው ከስሙ ነው። «ዘረመል» ይበሉ፤ ሳቁ ይቀራል።

ግሱን ግን አይንኩት። «ገለጠ» እና «ገለጸ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጸበልን ጠበል፣ ጸጉርን ጠጉር እንደምንለው። ኋላ ሥራ ተከፋፈሉ። መጋረጃና የመጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፣ ሐሳብ ይገለጻል። ዘረመል ደግሞ ለማንም ሐሳቡን አያስረዳም። የኩላሊትም የቆዳም ሴል የያዘው የዘረመል መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በተገለጠው፣ ማለትም ተነብቦ ሥራ ላይ በዋለው ገጽ ነው። «የጂን አገላለጽ» ሲባልማ እኔ የሚታየኝ ብዕር የያዘ ደራሲ ነው።

የእርስዎን ትምህርት እንይ። ሂፍ የሚባለው ፕሮቲን ሁሌም ይሠራል፤ ኦክስጅን ካለ ግን «ይፍረስ» የሚል ምልክት ይለጠፍበትና ወዲያው ይፈርሳል። ምልክቱን ለመለጠፍ ኦክስጅን ራሱ ያስፈልጋል። እሱ ሲያጥር ሂፍ ይጠራቀምና መጽሐፉ የሚቀመጥበት የሴሉ ክፍል፣ ኒውክለስ፣ ገብቶ ገጽ ይገልጣል። ኩላሊት ውስጥ ከሚገለጡት አንዱ የኢፒኦ ዘረመል ነው። ከሱ የሚገኘው ሆርሞን መቅኒን «ቀይ የደም ሴል ጨምር» ይለዋል። ይህን የደረሱበት 3 ሳይንቲስቶች በ2019 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።

ወደ «እጥረት» ልምጣ። በቀደም እናንተ ሰፈር ታክሲ እንዳያመልጠኝ ሮጬ ትንፋሽ አጠረኝ። ወያላው «ጋሼ ቀስ፣ እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል» አለኝ። እንዴት ያለ አማርኛ ነው! የኦክስጅን ድርሻ እኮ ባሕር ዳርቻም ሱሉልታም 21 በመቶ ገደማ ነው። ከፍታ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ አየሩ ይሳሳል እንጂ ድርሻው አያንስም። ስለዚህ ለአየሩ «ሳሳ»፣ ለሴሉ «አጠረው»። «ማነስ» መጠን ብቻ ይናገራል፤ «እጥረት» ከፍላጎት ጋር ያስተያያል። መቶ ብር ላንዱ ትተርፋለች፣ ላንዱ ታጥራለች። የሚሮጥ ሰው ጡንቻም ደም እየጎረፈለት ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል።

ነገ ሰሌዳው ላይ ይህን ይጻፉ፦ «ኦክስጅን ሲያጥር ሂፍ ይጠራቀማል፤ የኢፒኦ ዘረመል ይገለጣል።» የሚስቅ ካለ ይንገሩኝ።