የሻወሩ ትዕይንት ለምን አይረሳም?

ጥያቄ፦ «ሳይኮ» የተባለውን የቆየ ፊልም ካየሁ ወዲህ ሻወር ስገባ በሩን ደጋግሜ እመለከታለሁ። ጥቁርና ነጭ በሆነ ፊልም ይህን ያህል መፍራቴ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በዚህ ስሜት ብቻዎን አይደሉም፤ አንዲት ሴት ሻወር ውስጥ በቢላ በምትገደልበት ትዕይንት የተወነችው ጃኔት ሊ ራሷ ፊልሙን ካየች በኋላ ሻወር መውሰድ እንደከበዳት ተናግራለች። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ለእይታ ባበቃው በዚህ ፊልም ግድያው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቢላው ገላ ውስጥ ሲገባ በግልጽ የሚታይበት ቅጽበትም የለም ማለት ይቻላል፤ ደም መስሎ ወደ ፍሳሹ የሚወርደው ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። እነዚያ በፍጥነት የሚፈራረቁ ምስሎች የተዉትን ክፍተት የሚሞላው የተመልካቹ አእምሮ በመሆኑ፣ ያላየነውን እንዳየን ሆኖ ይታወሰናል።

በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የሚበረታው ድምፁ ነው። ሂችኮክ ትዕይንቱ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር፤ የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን የሰው ጩኸት የሚመስል የቫዮሊን ድምፅ አዘጋጅቶ አሳመነው። አእምሯችን ፍርሃትን ከቦታና ከድምፅ ጋር አቆራኝቶ ስለሚይዝ፣ በየቀኑ የምንገባበት ሻወር ትውስታውን በየጊዜው ይቀሰቅሰዋል። ትዕይንቱን በቀን፣ ድምፁን አጥፍተው ደግመው ይመልከቱት፤ ፍርሃቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ ራስዎ ይረዱታል።