ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቴአትር ቤት፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጠ መልስ

በእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞች ምእመን ያጡ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት የነዋሪው ቴአትር ቤት ስለሚሆኑበት መንገድ ብዙ ጠይቃችኋል። ሙያዬ የመድረክ መብራት ነው፤ እንዲህ ባሉ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁና የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ሲመሰገንበት የኖረን ቤት ለጨዋታና ለዘፈን መስጠት ድፍረት አይሆንም?

መልስ፦ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ አውልቀን ላደግን ለእኛ ጥያቄው ከባድ ነው፤ አቅልዬ አላየውም። ነገር ግን እዚያ ማንም ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መድረክ አይተክልም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አንድን ደብር የምትዘጋው በሕግ በተደነገገ ሥርዓት ነው፤ የአካባቢው ሰው አስተያየቱን ይሰጣል፣ ተቃውሞ ያለው ይሰማል፣ ቤቱ ወደፊት ለምን እንደሚውልም ይወሰናል። በሽያጭ ወይም በኪራይ ውሉ ላይ ቁማርን የመሳሰሉ ነገሮችን የሚከለክል አንቀጽ ማስገባትም የተለመደ ነው። ካቶሊኮችም በ1983 በወጣው ሕገ ቀኖናቸው፣ በአንቀጽ 1222፣ ጳጳሱ ለአምልኮ ማገልገል ያልቻለን ቤት ለዓለማዊ ሥራ ሊያውል እንደሚችል፣ ሥራው ግን ነውረኛ መሆን እንደሌለበት ደንግገዋል።

አማራጩንም እንመልከት። በተንብሪጅ ዌልስ ከተማ ዲሲመስ በርተን የነደፈው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1829 ተባርኮ የተከፈተ ነው። አገልግሎቱ ከቆመ በኋላ የመፍረስ አደጋ ተደቀነበት፤ የከተማው ሰዎች ተሟግተው አተረፉትና በ1982 ትሪኒቲ ቴአትር ሆኖ ተከፈተ። ፍርስራሹ ላይ ሌላ ነገር ከሚሠራበት ይህ በእጅጉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ቤት ያስተጋባል። የተዋናዩ ንግግር እንዴት ይሰማል?

መልስ፦ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ድምፅ ከወጣ በኋላ ሦስት ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊንገዋለል ይችላል። ለዝማሬ ጸጋ ነው፤ ዜማው በዜማው ላይ ይደራረባል። ለንግግር ግን መርዝ ነው፤ ቴአትር የሚፈልገው ወደ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ነው። የመጀመሪያው ቃል ሳይሞት ሦስተኛው ከደረሰ ተመልካቹ ትርጉሙን ትቶ ጩኸቱን ብቻ ይሰማል።

ብዙዎች ድምፅ ማጉያ በመጨመር ሊፈቱት ይሞክራሉ፤ ማስተጋባቱን ያብሱታል እንጂ አያድኑትም። መፍትሔው ድምፅ የሚውጥ ነገር ማስገባት ነው፦ ወፍራም የሱፍ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፖንጅና ጨርቅ የለበሰ ወንበር። እንዲህ ያለ ወንበር ሰው ባይቀመጥበትም ድምፅ ስለሚውጥ፣ ተዋናዩ በባዶ ቤት ሲለማመድ የሚሰማው በተመልካች ፊት ከሚሰማው ብዙም አይራራቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለቴአትር የሚመቸው ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው?

መልስ፦ ምርጫ ካላችሁ የሜቶዲስቶችን (የፕሮቴስታንት ወገን ናቸው) ወይም የመሰሎቻቸውን ጸሎት ቤት ያዙ። የመካከለኛው ዘመን ደብር የተሠራው ለቅዳሴና ለዑደት ነው፤ ረጅምና ጠባብ ነው፣ ዓምዶቹም ዓይን ይጋርዳሉ። የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ግን የተሠራው ስብከት እንዲሰማበት ነው። ሰባኪው ከሁሉም አቅጣጫ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም በሦስት ጎን የዞረ ሰገነት አለው። ገና ከመነሻው ግማሽ ቴአትር ነው ማለት ይቻላል። ፔንዛንስ ከተማ ያለው አኮርን ቴአትር የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ነበር። ይህ ማለት ግን የመካከለኛው ዘመኑ አይሆንም ማለት አይደለም፤ የኖርዊች የአሻንጉሊት ቴአትር ከ1980 ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ባለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ መብራቶቹን ጣሪያው ላይ መስቀል ይፈቀዳል?

መልስ፦ በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ መብሳት ወንጀል ነው። እኔ ፈቃድ ቢገኝም አልመክርም። ወለሉ ላይ የሚቆም የብረት ማዕቀፍ ሥሩ፤ መብራቱንም መጋረጃውንም እርሱ ይሸከም። የመቀመጫውን እርከንም እንዲሁ ግድግዳ ሳይነካ አቁሙት። ዛሬ ያስገባችሁት ሁሉ ነገ ድንጋዩ ሳይጫር መውጣት መቻል አለበት፤ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ነገር ግን ክብደቱ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ አስመርምሩ፤ ከወለሉ ሥር መቃብር ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ የሌሊት ወፍ ሥራ ያስቆማል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በብሪታንያ የሌሊት ወፎች በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግና በሌሎችም ሕጎች የተጠበቁ ናቸው። ማደሪያቸውን ማፍረስም ሆነ መግቢያቸውን መድፈን ያስቀጣል፤ ወፎቹ ለጊዜው ባይኖሩበት እንኳ። ጣሪያ ከመንካታችሁ በፊት ባለሙያ አምጡ። ጥናቱ በአብዛኛው የሚካሄደው በሞቃቱ ወራት ስለሆነ፣ በመስከረም ያሰበ ሰው እስከ ግንቦት ሊጠብቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰው ሳያስበው የሚያልፈው ወጪ የቱ ነው?

መልስ፦ መጸዳጃ ቤት! አብዛኛው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የለውም፤ ቴአትር ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ለሁሉም ተመልካች የሚበቃ ያስፈልገዋል። የፍሳሽ ቧንቧው የሚያልፈው በመቃብር ስፍራው ውስጥ ስለሚሆን ቁፋሮው ፈቃድና አርኪዎሎጂስት ይጠይቃል፤ አጽም ከተገኘም ሥራው ይቆማል። ሌላው ግብር ነው፤ ቀድሞ በአንዳንድ የተመዘገቡ ቅርሶች ላይ ለሚደረግ የተፈቀደ ማሻሻያ የተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልም ነበር። ይህ ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ቀርቶ 20 በመቶ ይከፈላል።

ጥያቄ፦ የጥንቱን የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ማቆየት አይቻልም?

መልስ፦ ጥቂቱን በሰገነቱ ላይ አቆዩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥ ተመልካች ግን ወገቡን ይዞ ከወጣ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ለንደን አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን ነን። እንዲህ ባለ አዳራሽ የአማርኛ ቴአትር ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልገናል?

መልስ፦ በእንግሊዝ ተመልካቹ ከ500 ካልበለጠና ትርኢቱ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ፣ ከ2013 ወዲህ ለቴአትሩ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም። መጠጥ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቤቱ ራሱ ያለው መሆኑን ጠይቁ፣ በውሉ ተከልክሎ እንደሆነም አረጋግጡ። ቡናውን በእሳት ለማፍላትና ዕጣን ለማጨስ ካሰባችሁም ለኃላፊው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የጭስ ጠቋሚው መሣሪያ ከጮኸ በአዳራሹ ያለው ሰው በሙሉ ይወጣል።