መርከቡን የሚያናውጠው የትኛው ሞገድ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ጣሊያን ነው የምትኖረው። ለነሐሴ የሽርሽር መርከብ ቲኬት ቆርጣልኛለች። ከትሪየስቴ ተነስቶ የግሪክን ደሴቶች ይዞራል፤ ከሰባቱ ቀን ሁለቱን ወደብ አይነካም አሉ። እኔ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ እንኳ ፌስታል ይዤ ነው። በዚያ ወር ባሕሩ እንዴት ነው? ክፍሉንስ ከየት በኩል ልያዝ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ መርከቡ የሚነሳበት የአድሪያቲክ ባሕር በነሐሴ፣ ድንገተኛ ነጎድጓድ ካልመጣበት፣ ገር ነው። የሚነፍሰው አብዛኞቹ የግሪክ ደሴቶች ባሉበት በኤጂያን ባሕር ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይነሳና ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ አንዳንዴ ለቀናት አይበርድም። ቦፎርት በሚባለው የነፋስ ብርታት መለኪያ ከ5 እስከ 7 ይደርሳል። 6 ማለት በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰፊ ውቅያኖስ ላይ ረጅም ሰዓት ከነፈሰ 3 ሜትር ገደማ ሞገድ ያነሳል። ኤጂያን ላይ ግን ደሴቶቹ መንደርደሪያ ስለሚነሱት ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የሞገዱን ከፍታ፣ ሜትሩን ነው። ትንበያው ላይ ከጎኑ የተጻፈችውን ሰከንድ ግን አይለፏት፤ አንዱ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ሰከንዱን በራሱ ያባዙና ውጤቱን እንደገና በ1.56 ቢያባዙት፣ በጥልቅ ውሃ ላይ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ያገኛሉ። 6 ሰከንድ ወደ 56 ሜትር ይመጣል፤ 300 ሜትር የሚረዝም መርከብ እንዲህ ያሉትን አምስት ያህል ባንዴ ስለሚረግጥ ብዙም አይነቃነቅም። 13 ሰከንድ ከሆነ ግን 264 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከመርከቡ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ አፍንጫውን ያነሳና ይጥለዋል። መልቴሚ የሚያነሳው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው። ስለዚህ መርከብዎ ትልቅ ከሆነ፣ ነፋሱ ከሆድዎ ይልቅ ጉብኝትዎን ነው የሚያበላሸው፦ ሳንቶሪኒን በመሰሉ ቦታዎች መንገደኛው ወደ መሬት የሚወርደው በትንንሽ ጀልባ ስለሆነ፣ ካፒቴኑ ወደቡን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል።

ክፍል ሲይዙ ከመርከቡ መካከልና ከታችኛው ወለል ይሁን። ላይኛው ወለል ላይ ያለው ባለ በረንዳ ክፍል ዋጋውም ውዝዋዜውም ይበዛል። መድኃኒቱን (ዳይመንሃይድሪኔት ወይም ሜክሊዚን) ማጥወልወሉ ሳይጀምር ከአንድ ሰዓት በፊት ይውሰዱ፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣል። የዓይን ግፊት ወይም ሽንት የመሽናት ችግር ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። እንዴት እንደሚያደርግዎ ለማወቅ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ይሞክሩት፤ ከሐረጎ የተሻለ መፈተኛ የለም። በባዶ ሆድ አይጓዙ፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በጥር ከጅዳ በመርከብ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው። ስልኬ ነፋስ 35 ኪሎ ሜትር፣ ሞገድ 2 ሜትር ይላል። ያሰጋል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለትልቅ መርከብ አያሰጋም፤ ቁጥሮቹ ግን የሚመስሉትን ያህል አይደሉም። 2 ሜትር የተባለው ከሞገዶቹ ከፍ ያሉት የአንድ ሦስተኛዎቹ አማካይ ነው፤ ነጠላ ሞገድ እጥፉን ሊጠጋ ይችላል። ነፋሱም ቢሆን መርከቡ ቆሞ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ላይ ዓመቱን ሙሉ በብዛት የሚነፍሰው ከሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሆነ፣ ስትሄዱ ፊት ለፊት ትገጥሙታላችሁ። መርከቡ በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት በ37 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ላይኛው ወለል ላይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይመታችኋል። ሻሽና ኮፍያ አይቆይም። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን በር አትክፈቱ፤ ተመልሶ ሲዘጋ ጣት ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ ስታቢላይዘር እያለው ለምን ይናወጣል? (ከኮምቦልቻ፣ ያው ጠያቂ)

መልስ፦ ስታቢላይዘር የሚባሉት፣ ከውሃ በታች በግራና በቀኝ የሚዘረጉት ክንፎች የሚቀንሱት የጎን ለጎን ውዝዋዜን ነው፤ ለዚያውም መርከቡ ሲሄድ እንጂ ቀስ ሲል አቅማቸው ይደክማል። አፍንጫው ሲነሳና ሲወርድ አያግዙም፤ እናንተን ስትሄዱ የሚገጥማችሁ ደግሞ ይኸኛው ነው። ስትመለሱ ነፋሱ ከኋላ ስለሚሆን ወለሉ ላይ ጸጥ ይላል፤ የጭስ ማውጫው ጭስ ግን ከመርከቡ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ወንበር ስትመርጡ ከእሱ ራቅ በሉ።